ከ40 ነጥብ ውስጥ 42 ሲፈለግብኝ

ቪዛዬ እጄ የገባው የክፍል ጓደኞቼ ትምህርት ከጀመሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የጀርመን የክረምት ሴሚስተር በወረቀት ላይ ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 ይባል እንጂ ክፍል ውስጥ የሚማሩት ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ብቻ ነው። እኔ ላይፕዚግ የገባሁት ጥቅምት 30 ቀን 2017፣ በእነሱ ኖቬምበር 9 ቀን 2024 ነበር። አራት ሳምንት አልፎኛል። አሁን ሴሚስተሩ አልቆ ውጤቴንም አይቼ ሳስበው፣ መዘግየቱ ከጎዳኝ ይልቅ መዘግየቴን ለመደበቅ የለፋሁት ልፋት ነው የጎዳኝ። እንደኔ ቪዛ ዘግይቶባችሁ በየቀኑ ስልካችሁን እየከፈታችሁ የምታዩ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ይህን ጻፍኩ።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ልናገር፤ የይሉኝታዬ ሥር እዚያ ነውና። ጀርመን ለተማሪ ቪዛ ሲጠየቅ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ገንዘብ በዝግ ሂሳብ፣ ሁላችንም ብሎክድ አካውንት በምንለው ውስጥ መቀመጥ አለበት። እኔ ስሄድ 11,904 ዩሮ ነበር፤ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀ ይሰጣል። አባቴ ባሕር ዳር ያለችንን ቦታ ሸጦ ሊሸፍነው አስቦ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይሁን ሲባል ግን በብር ያሰላው ሒሳብ በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ገደማ ሆነበት። በመጨረሻ ሙሉውን ያስገባችልኝ አሜሪካ ያለችው ታላቅ እኅቴ ናት። ሌሊት እየሠራች ያጠራቀመችው ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለ ገንዘብ ተምሮ “አልገባኝም” ማለት እንዴት እንደሚከብድ አስቡት።

ሻንጣዬ ውስጥ እናቴ ንጥር ቅቤና ቋንጣ ከታልኝ ነበር። ፍራንክፈርት ላይ ሁለቱም ተወሰዱ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ደብቆ የተገኘ ደግሞ ሊቀጣ ይችላል። እናቶቻችሁን አስቀድማችሁ አሳምኗቸው። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ኮረሪማውን ይዛችሁ ኑ። እኔ ቅቤው ወደ ቆሻሻ ሲጣል እያየሁ እንባዬ መጣ። እስከ ዛሬ ለእናቴ አልነገርኳትም፤ “እንዴት ነው ቅቤው?” ስትለኝ “አለ፣ በቁጠባ ነው” እላታለሁ።

ማደሪያ አልነበረኝም። ከኢትዮጵያ ሆኜ ያገኘሁት የመኝታ ክፍል በኦክቶበር ስላልገባሁበት ለሌላ ተሰጥቷል። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው በጣም ርካሽና በጣም ቆንጆ ክፍል አሳየኝ፤ እሱ ለሥራ ሌላ አገር ስለሆነ ቅድሚያ ክፍያውን ብልክለት ቁልፉን በፖስታ እንደሚልክልኝ ጻፈ። ልልክ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ያስጣሉኝ ሐሌ ከተማ የሚኖሩ የአባቴ ወዳጅ ወዳጅ ናቸው። ሐሌ ከላይፕዚግ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ናት። “ልጄ፣ ያላየኸውን ቤት ማንም ቢሆን አትክፈልበት። እኛ ቤት ሶፋ አለ” አሉኝ። ሶፋው ላይ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሶፋ ግን አድራሻ አይደለም። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ጀርመን ውስጥ ነገሩ ሁሉ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው፦ ቤት ከገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻችሁን ማስመዝገብ አለባችሁ፤ ለዚያ አከራያችሁ ፈርሞ የሚሰጣችሁ ወረቀት ያስፈልጋል። እኔ የሄድኩበት ባንክ ደግሞ ያለ ምዝገባ ወረቀት ሂሳብ አልከፍትም አለ። ሂሳብ ከሌለ ያ ዝግ ገንዘብ የሚፈስበት የለውም። በኪሴ የነበረው 600 ዩሮ ነው። ከዚያ ላይ በሁለተኛው ሳምንት 200 ዩሮውን ለታናሽ ወንድሜ ሠርግ ላክሁ፤ “አውሮፓ ገብቶ ዝም አለ” እንዳልባል። ሞኝነት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የምትኖሩበት፣ ከዝግ ሂሳቡ ውጭ የሆነ፣ ቢያንስ 1,500 ዩሮ ያህል ሳይኖራችሁ አትነሡ። እኔ ስመጣ የተማሪ ማደሪያ ላይፕዚግ ውስጥ በወር ከ250 እስከ 350 ዩሮ ይገኝ ነበር፤ የጤና ኢንሹራንስ በወር ወደ 140 ዩሮ ይወስድ ነበር፤ አከራዩም መያዣ ይጠይቃል። ለቤተሰብ መላክ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተሰብ ይረዳል፤ ካስረዳችሁት።

በዲሴምበር መጀመሪያ ማደሪያ አገኘሁና ለምዝገባው ቀጠሮ፣ እዚህ ያለው አበሻ ሁሉ “ቴርሚን” የሚለውን፣ በስልክ ያዝኩ። ሴትዮዋ “ሃልብ ኖይን” አለችኝ። ሃልብ ግማሽ፣ ኖይን ዘጠኝ፦ ዘጠኝ ተኩል። በደስታ ከአሥር ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። ለካ በጀርመንኛ “ግማሽ ዘጠኝ” ማለት ወደ ዘጠኝ ግማሽ መንገድ፣ ማለትም ስምንት ተኩል ነው! በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከአሥር ቀን በኋላ ሆነ። ያ አሥር ቀን ፓስታ በቲማቲም ነበር። ስለዚህ ቀጠሮ ሲሰጣችሁ በቁጥር ጻፉልኝ በሉ። ስልካችሁን ለመጀመሪያዎቹ ወራት በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት፤ በእኛ ሰዓትና በእነሱ ሰዓት መካከል እየደመራችሁና እየቀነሳችሁ አትኑሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

የምማረው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው፤ ማስተርስ፣ በእንግሊዝኛ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በጥሩ ውጤት ስለጨረስኩ ትምህርቱን አልፈራሁትም ነበር። የማላውቀው አሠራሩን ነው። አገር ቤት ሚድ፣ አሳይመንት፣ ፋይናል እየተባለ ነጥብ ይጠራቀማል። እዚህ በብዙ ኮርሶች ውጤቱ የሚወሰነው በአንድ የመጨረሻ ፈተና ነው። ፈተናው ላይ ለመቀመጥ ግን በየሳምንቱ ከሚሰጥ የመልመጃ ወረቀት ግማሹን ነጥብ ማግኘት ግዴታ የሆነባቸው ኮርሶች አሉ። ነጥቡ ውጤታችሁ ላይ አይደመርም፤ በር ብቻ ነው የሚከፍተው። ግማሽ ካልሞላ ፈተና የለም።

የእኔ ከባዱ ኮርስ አሥራ ሁለት ወረቀት ነበረው፤ እያንዳንዱ 10 ነጥብ፣ በድምሩ 120። ግማሹ 60 ነው። እኔ ስደርስ አራቱ አልፈዋል፤ 40 ነጥብ ሳልነካው ሄደ። በመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። (እሱም ሳይቀር ታሪክ አለው፤ መርሐ ግብሩ ላይ 9:00 ተብሎ ስለተጻፈ እየሮጥኩ 9:02 ስደርስ አዳራሹ ባዶ ነበር። አብዛኛው ሌክቸር ከተጻፈው ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ እንደሚጀምር የገባኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው።) ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ወረቀቱን አብረው ይሠራሉ፤ ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ይመከራል። ሁሉም ጥንድ ጥንዱን ይዟል። “ከእናንተ ጋር ሦስተኛ ልሁን?” ለማለት አፌ አልከፈት አለኝ። ብቻዬን ልወጣው ቆረጥኩ።

የኖቬምበርና የዲሴምበር ሌሊቶች እንዲህ አለፉ። አራት ወረቀት አስገባሁ፤ 4፣ 6፣ 5፣ 3 አገኘሁ። ቱተሩ፣ መልመጃውን የሚያስረዳን ረዳት አስተማሪ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ላይ “ጥያቄ ያለው?” ይላል፤ እኔ ማስታወሻ የምይዝ መስዬ አቀረቅራለሁ። እኛ ያደግነው መምህር ሲናገር ዝም ብሎ በማዳመጥ ነው፤ የጠየቀ ልጅ ወይ ጎበዝ ነኝ ባይ ነው ወይ አልገባውም ይባላል። እዚህ ዝም ያለን ሰው ገብቶት ነው ብለው ያልፉታል። ክፋት የለበትም፤ ዝምታን የሚያነቡበት ፊደል ከእኛው ይለያል።

ጨለማውም አለ። በዲሴምበር መጨረሻ ላይፕዚግ ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ ያውም ደመና ካልሸፈናት። ከክፍሌ ሳልወጣ ሁለት ቀን ያለፈኝ ጊዜ ነበር። ጾመ ነቢያትም ገብቶ ነበርና እሱ ግን ባልጠበቅሁት መንገድ አገዘኝ፦ የተማሪዎች ካፌ ውስጥ “ቬጋን” የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ሁሉ የጾም ነው፤ ከሦስት ዩሮ በማይርቅ ዋጋ ትኩስ ምሳ ይበላል። ምሳ ፍለጋ ስል በቀን አንድ ጊዜ ከሰው ጋር ተቀላቀልኩ። ጾም ባይኖር ኖሮ ያንን ወር እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ማታ፣ በዲሴምበር አጋማሽ፣ ወረቀት አውጥቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ያገኘሁት 18። የሚያስፈልገኝ 60። የቀረኝ 42። የቀሩት ወረቀቶች አራት፣ ነጥባቸው 40። ደጋግሜ ደመርኩት። ከ40 ነጥብ ውስጥ 42 ማግኘት አለብኝ። ሁሉንም ደፍኜ ብሠራ እንኳ አልገባም ማለት ነው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ኮርሱን ልተወው አሰብኩ፤ እኅቴ ትዝ አለችኝ። በነጋታው የኮርሱ መምህርት ተማሪ የሚቀበሉበት ሰዓት ነበር። እንዲህ ያለው ሰዓት በአብዛኛው መምህር ዘንድ በሳምንት አንድ ጊዜ አለ፤ በራቸው ላይ ተለጥፏል፤ እስከዚያ ቀን ግን ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። ሄድኩ። ልመና የሚመስል ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ልጀምር ስል ጠፋኝ። ፓስፖርቴን አውጥቼ ቪዛውን አሳየኋቸውና “ኖቬምበር 9 ነው የደረስኩት” አልኳቸው። ቀኑን አዩት። ከዚያ ስሌቱን አዩት። የመጀመሪያዎቹ አራት ወረቀቶች እኔ አገሪቱ ውስጥ ሳልኖር ስለተሰጡ አይቆጠሩብህም አሉኝ፤ ከ120 ሳይሆን ከ80 ግማሹን፣ 40ን፣ አምጣ። 18 አለኝ። ከቀሩት አራት ወረቀቶች 22 ይበቃኛል። ቀጥለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ ለምን በኖቬምበር አልጻፍክልኝም?

መልስ አልነበረኝም። ይሉኝታን በእንግሊዝኛ እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው?

ይህ ነገር በየትኛውም ትምህርት ቤት እንዲሁ ይፈታል ማለቴ አይደለም፤ መምህሩ እሺ ላይል ይችላል፣ የኮርሱ ደንብ ላይፈቅድ ይችላል። ነገር ግን ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ለእያንዳንዱ መምህር አጭር ኢሜይል ጻፉ። አራት መስመር ይበቃል፦ ማን እንደሆናችሁ፣ መቼ እንደደረሳችሁ፣ ቪዛችሁ የወጣበት ቀን፣ ያመለጣችሁን ለማካካስ ምን ማድረግ እንደምትችሉ። ይቅርታ አታብዙ። እኛ “ስላስቸገርኩ በጣም ይቅርታ” ብለን ሦስት አንቀጽ እንጽፍና ጥያቄው መጨረሻ ላይ ይጠፋል።

ከቢሮው እንደወጣሁ ቱተሩን አገኘሁትና አጋር እንደሌለኝ ነገርኩት። በዚያው ቀን አጋሩ ኮርሱን ከተወበት አንድ ቬትናማዊ ልጅ ጋር አገናኘኝ። እሱም ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነው የመጣው፤ እሱም ሰው ለመጠየቅ አፍሮ ብቻውን ሲሠራ ነበር! ሁለታችንም በአንድ አዳራሽ፣ ሦስት ወንበር ተራርቀን፣ አንድ ዓይነት ስሕተት ስንሠራ ከርመናል። ከቀሩት አራት ወረቀቶች 27 አመጣን።

በዚያ እሑድ እኅቴ እንደ ልማዷ ደወለች። “ትምህርት እንዴት ነው?” አለችኝ። ሁልጊዜ “ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ነበር የምለው። ያን ቀን ግን “እቴቴ፣ አልደብቅሽም፣ ልወድቅ ነበር” አልኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። “አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ እዚህ የመጀመሪያ ሴሚስተሬን በሁለት ኤፍ ነው የጨረስኩት። ለእማማ ኤ ነው ብዬ ነው የነገርኳት” አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልነገረችንም ነበር። እኛም ቤት ውስጥ የእሷ ጉብዝና እየተጠቀሰብን ስንወቀስ ነው ያደግነው። ዕዳሽን ቶሎ ልመልስ በጃንዋሪ የማታ ሥራ ልጀምር ነው ስላትም “ዕዳው እኔ ጋ ነው ያለው፣ የትም አይሸሽም፤ አንተ ፈተናህን ተፈተን” ብላ ዘጋችብኝ።

ስለ ሥራ ስላነሣሁ፦ የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል፤ በእነሱ 2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.82 ዩሮ ነበር። ያጓጓል፣ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ግን፣ በተለይ ዘግይታችሁ ከመጣችሁ፣ ብትተዉት እላለሁ። መጋዘን ሌሊት ሲሠሩ ያደሩ አብረውኝ የሚማሩ ልጆች ጠዋት ሌክቸር ላይ ሲተኙ አይቻለሁ።

ገና ማክሰኞ ዋለ። ጀርመኖቹ ገናቸውን አክብረው፣ ዛፋቸውን ጥለው፣ ትምህርት ተመልሷል። ከክፍል ወጥቼ በማታ ባቡር ሐሌ ሄድኩ። ጋሼ ዶሮ አሠርተው ጠበቁኝ። ከእንጀራው ይልቅ የበላሁት ወሬውን ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አንድ ጥፋት ይቀራል። በር ተከፈተልኝ ብዬ ስዝናና፣ ለእያንዳንዱ ፈተና ለየብቻ በኢንተርኔት መመዝገብ እንዳለብኝ ዘነጋሁ። ለኮርስ መመዝገብ አንድ ነገር፣ ለፈተና መመዝገብ ሌላ ነገር ነው። ለሦስቱ ተመዝግቤ ነበር፤ አራተኛውን “የተመዘገብኩ ይመስለኛል” ብዬ አልፌዋለሁ። ጊዜ ገደቡ ካለፈ በሁለተኛው ቀን ነው ያየሁት። የኮርሱን መምህር ለመንኩ፤ በእጃቸው እንዳልሆነ ነገሩኝ። ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ኮምፒውተር ግን ይሉኝታ አያውቅም። ያ ኮርስ ወደሚቀጥለው ዓመት ተሻገረ። ስለዚህ የምዝገባውን የመጨረሻ ቀን በመጣችሁ ዕለት ፈልጋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ከተመዘገባችሁ በኋላም ማረጋገጫውን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ዝግጁ ካልሆናችሁም ሳትቀሩ በፊት በጊዜው መሰረዝ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ተመዝግቦ ሳይሰረዝ መቅረት እንደ መውደቅ ሊቆጠር ይችላል። ታማችሁ ከቀራችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ወረቀት አጽፉ፤ በነጋታው የተጻፈ ላይቀበሉት ይችላሉ። አንድን ፈተና ስንት ጊዜ መድገም እንደሚፈቀድም ከመጀመሪያው ዕወቁ፤ ያለ ገደብ አይደለም።

ውጤቱ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ወጣ። እዚህ 1.0 ከሁሉም ይበልጣል፣ 4.0 ለጥቂት ማለፍ ነው፣ 5.0 መውደቅ ነው። አንዱን 2.7፣ አንዱን 3.3 አለፍኩ። ያን በር የተከፈተልኝን ኮርስ 5.0 አመጣሁ። አዎ፣ ወደቅሁ። በአራት ወረቀት የተማርኩት የስምንት ወረቀት ክፍተት አልሞላም። ግን ፈተናው ላይ ስለተቀመጥኩ ድጋሚ ፈተና አለኝ፤ ማርች መጨረሻ ላይ ነው። ውጤቱን ያየሁ ቀን፣ ከዚህ በፊት የማላደርገውን አደረግሁ፦ የተፈተንኩበትን ወረቀት ለማየት ተመዝግቤ ሄድኩ። ይህ መብት ነው፤ ቀኑን ያሳውቃሉ፣ ገብታችሁ የት እንደተሳሳታችሁ ታያላችሁ። የእኔ ስሕተት ግማሹ ከመጀመሪያዎቹ አራት ወረቀቶች ነው፤ ያልሠራኋቸው።

ብቸኝነቱ ከበረታባችሁ ደግሞ አብዛኛው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት ነጻ የሥነ ልቦና ምክር ይሰጣል፤ በእንግሊዝኛም ይገኛል። እኔ አልሄድኩም፤ መሄድ ነበረብኝ። ቬትናማዊው ጓደኛዬ ሄዶ ነበር፤ ከእኔ የተሻለ እንቅልፍ የሚተኛውም እሱ ነው።

አሁን ክፍሌ ሆኜ ነው የምጽፈው። በአፕሪል የሚጀምረው ሴሚስተር ላይ የሚመጣ አንድ ልጅ ከጎንደር ደውሎልኛል፤ ቪዛው አልደረሰለትም። ያችን አራት መስመር ኢሜይል ከአሁኑ ጽፈን ጨርሰናል፤ ቀኑ ብቻ ነው ባዶ የተተወው። የእኔ ድጋሚ ፈተና አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ያለችው ሁለተኛ ጥያቄ ከሦስት ቀን ጀምሮ አልገባ ብላኛለች። ነገ መምህሯ ተማሪ የሚቀበሉበት ቀን ነው፤ ይዣት እሄዳለሁ።